የአምናው ፍጥነት

ሰፈርተኛው መፍቻ ይለዋል፤ ከኪሱ መፍቻ ጠፍቶ ስለማያውቅ። የማንም ኮምፒውተር ታመመ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። የእናቱን ኮምፒውተር ግን በገዛ እጁ ገደለው።

በሽታ አንደበቷን ከነጠቃት ወዲህ እናቱ የምታወራው በዚያ ኮምፒውተር ነው። ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ይበራሉ፤ የፈለገችው ሲደርስ በአንድ ጣቷ ቁልፍ ትጫናለች፤ ቃሉ ሲሞላ ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነብላታል። በዚህ አኳኋን ሐኪሞቹን ታማለች፣ ልጆቿን ትቆጣለች። ጣቷ በዘገየ ቁጥር መፍቻ የፊደሎቹን ፍጥነት ትንሽ ትንሽ ይቀንስላታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ ብሎ አሮጌ ፕሮግራሞችን ሊያጸዳ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አንድ የማይረባ ጨዋታ ሲያጠፋ የማይነካውን ነካ። ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ።

«ፎቶውንም ጽሑፉንም ገልብጬዋለሁ፤ አትጨነቂ» አላት ታላቅ እህቱን።

«ፎቶ ምን ያደርግላታል? አፏን መልስላት እንጂ!»

የእያንዳንዱ ፕሮግራም ሴቲንግ በየራሱ ፋይል ቢቀመጥ ኖሮ የእናቱን ብቻ ገልብጦ በያዘ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሲስተሙን የሠሩት ብልጦች የሁሉንም ሰብስበው አንድ ጎተራ ውስጥ ከተውታል፤ የጨዋታውም፣ የፕሪንተሩም፣ የእናቱም አብሮ ተደበላልቋል። አንዱ ጥግ ሲበላሽ ሁሉም ይበላሻል። ለይቶ ማውጣት ብሎ ነገር የለም፤ ወይ ሙሉውን መመለስ ነው፣ ወይ ሙሉውን ማጣት። በእጁ ያለው የጎተራው ቅጂ ደግሞ የአምና ነው። ለደንበኛው ሁሉ «ቅጂ ያዙ» እያለ ሲለፈልፍ የሚውል ሰው!

ምርጫ ስላልነበረው የአምናውን መለሰው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ እህቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እናቱም ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

ፊደሎቹ በረሩ። ተጫነች፤ አለፋት። ደግማ ተጫነች፤ አሁንም አለፋት። ማሽኑ ትርጉም የሌለው ነገር አነበነበ።

«ማን ነው እንዲህ ያበረረው?» ብሎ መፍቻ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

ማንም አይደለም፤ ራሱ ነው። አምና በዚህ ፍጥነት አስተካክሎላት ነበር፤ ያኔ እሷም ምንም ሳትቸገር ታወራው ነበር። ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ከርሞ፣ እናቱ ምን ያህል እንደደከመች አንድም ቀን ልብ አላለም። አሁን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጊዜ አየው።

ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አልበቃትም። እንደገና ቀነሰ፤ አልበቃትም። በሦስተኛው ጣቷ ፊደሎቹን ደረሰባቸው። ንዴቱን የሚያራግፍበት ሰው አጣ።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው። ያንቺ እጅማ እንደድሮው ነው» አላት፣ ዓይን ዓይኗን ማየት አቅቶት።

እናቱ ስትጫን፣ ስታርፍ፣ ስትጫን ቆየች። በመጨረሻ ማሽኑ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ውሸታም።»