ከስንጥቁ በታች የነበረው ቤት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት ደውላ፣ «ጋሼ ከድር፣ ስለ ዓለም የዘላቂ ልማት አስተዳደር የወደፊት ዕጣ ዲላ ላይ ሥልጠና አለን፤ መክፈቻው ላይ ይናገሩልን» አለችኝ። ላስብበት አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያሰብኩት ምህረትን ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ገና ጀማሪ ረዳት መምህር ነበርኩ። ከተለያዩ አገሮች ከመጡ ወጣቶች ጋር እንዲሁ ላለ ሥልጠና ዲላ ተሰብስበን፣ ወደፊት ምድርን ማን እንደሚያስተዳድራት እንማር ነበር። በዕረፍት ሰዓት የአቮካዶ ጭማቂ እየጠጣን ሥልጣኑን ለዚህም ለዚያም እናከፋፍላለን። ምህረት አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው፤ የጌዴኦ ልጅ፣ ሳቂታ። የበልጉ ዝናብ አላባራ ሲል ግን ሳቋ ጠፋ።

ለመስክ ጉብኝት ከይርጋጨፌ ወዲያ ወዳለው መንደሯ ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቡናው አብቦ ሽታው አፍንጫ ይሞላል። ዛፎቹ ከተቆረጡበት ገደል አፋፍ ስንደርስ መሬቱ ተሰንጥቆ አየን። ክንድ ያስገባል። ከሥሩ የአባቷ የአቶ ጅግሶ ቤትና የጎረቤቶቻቸው ጎጆዎች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ሰዎች ዛሬውኑ መነሳት አለባቸው» አሉ አሠልጣኛችን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አላዝም። ትእዛዙ ከበላይ መምጣት አለበት።»

ወደ በላይ ተደወለ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ያ ሁሉ ስለ ምድር ሲከራከር የሰነበተ ሰው ዝናብ እየመታው ስልኩን ያይ ጀመር። እኔ ዲላ ሱቅና ኢሱዙ ላለው አባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ መኪናውን ላክልኝ።»

«ምን ልትጭን?»

«ሰው።»

«ሹፌሩ አሁን ይነሳል» አለኝ። ሌላ አልጠየቀም።

ሴቶችና ልጆች ፍራሻቸውንና ዶሮዎቻቸውን ይዘው ተጫኑ። አቶ ጅግሶ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እንሰቴን ጥዬ የት ልሂድ?» አሉ። ምህረት እግራቸው ላይ ወደቀች። በመጨረሻ በራቸውን ዘግተው ወጡ። ሁሉም ከገደሉ ራቅ ብሎ ባለው የቸርች አዳራሽ አደሩ፤ መኪናው ጭቃ ስለያዘው እኔም እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ቆጮ በጎመን እየበላን ሰዎቹ በፍርሃታችን ሳቁብን። አቶ ጅግሶ ተነሥተው፣ «ቤት የቀረችውን ላም አጠጥቼ ልመለስ» አሉ።

ምህረት የልጆቹን ልብስ እያጠበች ነበር። «ቶሎ ና፣ አባ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ከባድ መኪና ድንጋይ የሚገለብጥ የመሰለ ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስንደርስ መንደሩ የለም። ቀይ አፈር ብቻ፣ ከአፈሩ ላይ እንፋሎት ይነሣል። በእጃችን ቆፈርን። ላሟ ዳር ላይ ቆማ ተገኘች፤ አቶ ጅግሶ የተገኙት ግን ከቀናት በኋላ ነው። ሰዎቹ እንዲነሱ ተፈቅዷል የሚል ስልክ የተደወለው እየቆፈርን ሳለ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ምህረት ወደ ሥልጠናው አልተመለሰችም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል አለፍኩ። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ «መጪው ዘመን» ስንለው የነበረው አሁን ደርሷል መሰለኝ። በዚያው ተዳፋት ሥር አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች ተሠርተዋል። ደጃፏን የምትጠርግ አንዲት ሴት ሰላም አለችኝ።

«እዚህ መኖር አትፈሩም?» አልኳት።

«እንፈራለን እንጂ» አለች፣ ቀና ብላ ገደሉን እያየች። «ሌላ መሬት የት አለና?»