ባዶ ሊፍት የጠበቀ ሰው

ወታደሮቹ «አብራሪው» ይሉታል። የአየር ኃይልን ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅም፤ በጦርነቱ ዘመን የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ከግንባር ሲመለስ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሊፍት ሠራተኛነት ቀጠረው። ክራንች የተደገፉትን፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጡትን የድሮ ጓዶቹን ወደ ላይ ሲያወጣ «ቀበቶ እሰሩ፣ ልንነሣ ነው» እያለ ያስቃቸው ነበርና ስሙ በዚያው ጸና።

ሊፍቱ አሮጌ ነው፤ ያለ ቁልፍ አይንቀሳቀስም። ቁልፉን በገመድ አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። በሩ ሲያንገራግር የቱ ጋ በክርኑ ጎሸም እንደሚደረግ፣ ሦስተኛ ፎቅን ሲያልፍ ለምን እንደሚያቃስት ያውቃል። ሚስቱ፣ «እኔንም እንደሱ ብታዳምጠኝ ምን ነበረበት» ትለዋለች።

ከዚያ አዲሱ ዋና ዳይሬክተር መጡ። ሕንፃው ታደሰ። ምድር ቤት የነበሩት የጉዳተኞች ክፍሎች ተነቅለው አራተኛ ፎቅ ወጡ፤ በቦታቸው የስብሰባ አዳራሽ ተሠራ። የሊፍቱ ግድግዳ መስታወት ለበሰ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ ምንጣፉ ላይ ጥቁር ክብ ምልክት አዩና ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የክራንች ጎማ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሊፍቱ ለአመራርና ለእንግዳ ብቻ ነው።»

በቃ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ወረቀት አይወድም። እግር የሌለው ሰው ምንጣፍ እንዳያቆሽሽ በደረጃ ይውጣ ብሎ የሚወስን ጭንቅላት ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው? ክፉ ነው ብሎ ማለፍ ይቀል ነበር። ግን ክፋት ቢያንስ ሰውየውን ያየዋል፤ ለመጉዳትም ቢሆን ያየዋል። ያ ጭንቅላት ያየው ምንጣፉን ብቻ ነበር።

በደረጃ ውጡ ከተባሉት አንዱ «መድፍ» ነው። የመድፈኛ ክፍል ሰው ነበር፤ ድምፁም እንደ ስሙ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በየዓመቱ ሐኪም ፊት ቀርቦ ጉዳተኛ መሆኑን እንደገና ማስመስከር አለበት። «እግሬ በቅሎ እንደሆነ ሊያዩልኝ ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት ለዚሁ ጉዳይ ሲመጣ አብራሪው የሊፍቱን በር በእግሩ ደግፎ ከፍቶ ቆሟል። ጠዋት ምክትል ዳይሬክተሩ ደውለው «ዋናው እንግዶች ይዘው እየመጡ ነው፤ ከፍተህ ጠብቅ፣ ማንንም እንዳታስገባ» ብለውታል።

«አብራሪው! ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለ መድፍ ክራንቹን እያንኳኳ።

«ዋናውን።»

«የታሉ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«እኔም መንገድ ላይ ነኝ። አድርሰኸኝ ትመለሳለሃ።»

«ወንድሜ፣ ታውቃለህ...»

«አውቃለሁ። መስታወቱን ነው የምትጠብቀው። ደህና አድርገህ ጠብቀው፣ እንዳይሸሽ!» ብሎ እየሳቀ ወደ ደረጃው ዞረ።

አብራሪው ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የክራንቹን ኳኳታ ሰማ፤ አንድ ኳ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ እንደገና ኳ። ኳኳታው እየራቀ ሄደ። ከዚያ የመድፍ ጩኸት ሕንፃውን ሞላው፤ ከጩኸቱ በኋላ ክራንቹ ብቻውን ደረጃ ለደረጃ እየነጠረ መጥቶ ምድር ቤት እግሩ ሥር ወደቀ።

ወደ ላይ ሊሮጥ ሲል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ከእንግዶቻቸው ጋር ገቡ።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ሰው ወድቋል፣ ጌታዬ። ደረጃ ላይ።»

«ያንሱታ!» አሉና ምንጣፉን ረግጠው ገቡ።

አብራሪው ቁልፉን አዞረ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ሦስተኛ ፎቅን ሲያልፉ የመድፍ ሲቃ በበሩ ስንጥቅ ገባ። አንዱ እንግዳ ደንገጥ ብሎ «ምንድን ነው?» ቢል ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ። «ሊፍቱ ነው። አርጅቷል፣ ያቃስታል።»

የተሰበረው የመድፍ ደህናው ዳሌ ነበር። የክንድ ኃይል ያላቸው ሰዎች በዚያው ደረጃ ተሸክመው አወረዱት፤ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ቆሞ እንግዶቹን ይጠብቅ ነበር።

ወሬው ከግቢው አመለጠ። የመድፍ እህት ያላንኳኳችው በር አልነበረም፤ በመጨረሻ ከበላይ አካል አጣሪ ኮሚቴ እንደሚመጣ ተሰማ። ያኔ ምክትል ዳይሬክተሩ አብራሪውን ቢሯቸው አስጠሩት። ወንበር ስበው አስቀመጡት። ያን ያህል ዘመን ሲያወጣቸው ሲያወርዳቸው ስሙን ጠይቀውት የማያውቁ ሰው «ጋሼ» አሉት።

«ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ያን ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ማንም አላጠፋም። ማሽን ነው፣ ይበላሻል።»

«አልተበላሸም እኮ።»

«ካልተበላሸ ታዲያ በሰዓቱ ሊፍቱ ላይ የነበረው ማነው? አንተ ነህ። ጉዳተኛ ከልክሎ ያስወደቀው የሊፍት ሠራተኛው ነው ማለት ነው። ጡረታህ ደርሷል፤ በሽኝት ብትወጣ ነው የሚሻልህ ወይስ በስንብት?»

አብራሪው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። በዚህ ቤት ምስጋና ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ጥፋት ወደ ታች እንደሚወርድ ድሮም ያውቅ ነበር፤ ሁለቱንም ሲያመላልስ የኖረ እሱ ነው። አሁን ግን የሚወርድበት ሰው ሲጠፋ የሊፍቱ ብረት ላይ ሊያራግፉት ነው። ብረቱ አፍ የለውም። ለዚህ ነው የመረጡት።

በማግስቱ በሊፍቱ በር ላይ «ብልሽት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ውሸቱ እንዳይጋለጥ ዳይሬክተሩም በደረጃ መውጣት ጀመሩ። በየፎቁ ቆም እያሉ ግድግዳ ሲደገፉ ጽዳት ሠራተኞቹ በመጥረጊያቸው ጀርባ ይስቁ ነበር። አብራሪው ግን ሳቅ አልመጣለትም።

ሆስፒታል ሄደ። መድፍ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል።

«ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር አሉኝ» አለው ሳይዞር። «ታዲያ አንተ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር? ታስታምመው ነበር?»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ማን አለ? እኔና ጣሪያው። ይቅርታህ እዚህ ምን ይሠራልኛል? እዚያ አራተኛ ፎቅ ተናገረው፣ እነሱ እየሰሙ!»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሊፍቱ ደህና ነበር ብሎ እንደሚናገር፣ ማን እንዳዘዘው ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ እንደሚተወው። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ እብድ ነህ? ደህና ነበር ብለህ ማን እንዳዘዘህ ካልነገርክ ገመዱን በገዛ እጅህ አንገትህ ላይ አጠለቅህ ማለት አይደል? ወይ ሁሉንም ዋሽ፣ ወይ ሁሉንም ተናገር። ግማሽ ጀግና አግብቼ ላረጅ አልችልም!»

አጣሪዎቹ የመጡ ዕለት ምድር ቤት ያለው ሰፊ አዳራሽ «ለሌላ ስብሰባ ተይዟል» ተባለ። ጉዳዩ አራተኛ ፎቅ፣ በዳይሬክተሩ መሰብሰቢያ ክፍል ይታያል። የተበደሉት እንዳይወጡ መሆኑን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። መድፍ በዊልቸር መጥቶ፣ እህቱ ከኋላው ቆማ፣ ሁለቱም ደረጃውን አንጋጠው ያያሉ። ሌሎች ጉዳተኞችም ግድግዳ ተደግፈዋል።

አብራሪው አያቸው። ደረጃውንም አየው። ከዚያ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገነጠለ። ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ፣ በሩን በክርኑ ጎሸም አደረገ። ተከፈተ።

«ቀበቶ እሰሩ» አለ። ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ላይ፣ ምክትሉ ስለ ብልሽቱ እያስረዱ ነበር። የመሰብሰቢያው ክፍል በር ከሊፍቱ ፊት ለፊት ነው። ደወሉ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ መድፍ ወጣ። የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ፣ አንዲት ሴትዮ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሊፍቱ ተበላሽቷል አላላችሁም?»

«ተጠግኖ ነው» አሉ ምክትሉ።

«ማን ጠገነው?»

ምክትሉ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

«ተበላሽቶ አያውቅም» አለ አብራሪው። «ያን ቀን ባዶውን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ማንንም አታስገባ ብለው የደወሉልኝ ምክትሉ ናቸው። ለአመራር ብቻ ነው ብለው የከለከሉት ዋናው ናቸው። ምክንያቱ ምንጣፍ ነው። የክራንች ጎማ አቆሸሸው። ሰው ወድቋል አልኳቸው፤ ‹ያንሱታ› ብለው ገቡ። ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። የኔን እኔ እከፍላለሁ፤ የሳቸውን እሳቸው ይክፈሉ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

«ይሄን ድምፅ?» ብሎ መድፍ ሲያንባርቅ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

«ሰምተዋል» አለ አብራሪው። «‹ሊፍቱ ነው የሚያቃስተው› ብለው ለእንግዳቸው ነግረዋል።»

ሰብሳቢዋ ዳይሬክተሩን ቀና ብለው አዩና ጻፉ።

ዳይሬክተሩ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ምክትሉ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። አብራሪው «የታገደ መሣሪያ ያለ ፈቃድ በመጠቀም» በሚል ተሰናበተ። ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ምንጣፉን ከጥግ ይዞ ገሽልጦ፣ ጠቅልሎ፣ ባዶው የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ወረወረው። ከዚያ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ክራንች የያዘ ሁሉ በሊፍቱ ባዶ ብረት ላይ እየቆመ ወጣ፣ ወረደ።

ክረምቱ ሲወጣ መድፍ በሁለት ክራንች መቆም ቻለ። አብራሪው ሊጠይቀው ሄዶ በረንዳ ላይ አገኘው።

«ዋናው የት ደረሱ?» አለ መድፍ።

«ሌላ መሥሪያ ቤት ናቸው አሉ። አማካሪ ሆነዋል።»

መድፍ ክራንቾቹን ወደ ራሱ ሳበ።

«ስንተኛ ፎቅ ናቸው?»

«አሥራ አንደኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«አለው።»

መድፍ ክራንቾቹን ብብቱ ሥር አስተካከለ። «ተነስ። እህቴ የክስ ማመልከቻውን ይዛ ትከተለናለች።»

አብራሪው ኮቱን አንሥቶ የግቢውን በር ከፈተለት።