ጋቢ የለበሰው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍት ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና፣ ምን እንደማደርግ ሳላስብ ተነሥቼ ጋቢ ፍለጋ ሄድኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፤ የታመመ ኮምፒዩተር ጋቢ የሚለብስበትን ምክንያት የምናውቅ ሰዎች በዚህ ዓለም ላይ የቀረነው ሁለት ብቻ ነን፣ እኔና እህቴ ሙሉ።

«ድሮ ደግ ነበር» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ድሮ ቁንጫ ነበር። ደብረ ታቦር ባደግኩበት ቤት ደግሞ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ፣ ማታ ያስቀመጥነውን ውሃ ጠዋት እንዳንጠጣው አድርጎ ያቀዘቅዘው ነበር። አባቴ ከመምህርነት ጡረታ በወጣ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ኮምፒዩተር ገዝቶ መጣና በዚያው መስኮት ሥር አስቀመጠው። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው፤ ጎረቤቱም እየመጣ እንደ አራስ ጠየቀው።

አባቴ ኮምፒዩተሩን የፈለገው ለአንድ ነገር ነው፤ የዘር ቆጠራ ሊጽፍበት። በእኛ አገር ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሰባቱ ውስጥ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ያየው አባቴ፣ እብናት ወርዶ የራሱን ወገኖች፣ ጣራ ገዳም ወጥቶ ደግሞ የእናቴን አጎት፣ ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ መነኩሴን፣ አስቆጥሮ አራት ደብተር ሞላ። ከዚያም እንደ ዶሮ ፊደል እየለቀመ በሁለት ጣቱ ሁለት ክረምት ሙሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ገለበጠው።

ደብተሮቹን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፣ ያነበብኩት ሁሉ ገና ያልተፈጨልኝ። «ወረቀት አይጥ ይበላዋል፤ ይሄ ግን አይረሳም፣ አባባ» አልኩት። አመነኝ። ደብተሮቹ ጎረቤት ሱቅ ሄደው ጨውና በርበሬ ተጠቀለለባቸው።

ኅዳር ላይ ከእብናት ሙሉን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ መልእክት ደረሰን። የልጁ ወገኖች የራሳቸውን ቆጠራ በወረቀት ልከው ነበርና አባቴ ሊያመሳክር ዳንቴሉን አንሥቶ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጥቁሩ መስታወት ላይ አንድ ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር ወጣ፤ የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ቀኑ ረቡዕ ነው። አባቴ በቃሉ የሚያስታውሰው የአያቱ እናት የእብናት ሰው መሆኗን ብቻ ነው፤ ይህች ብቻዋን ሠርግ ለማፍረስ ትበቃለች። ሙሉ ልጁን ትወደዋለች። አፍ አውጥታ ባትናገርም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አልተለየችም።

ሐሙስን ስታገል ዋልኩ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ሽቦውን ሁሉ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ሜሞሪውን በላጲስ ጠረግሁ፣ አቧራውን በዶሮ ላባ አራገፍኩ፤ ስከፍተው ያው ቀጭ ቀጭ ነው። ዓርብ የከተማውን የኮምፒዩተር አስተማሪ አመጣሁ፤ ሦስት ወር ተምሮ ስድስት ወር የሚያስተምር፣ ሁሉም «ኢንጂነሩ» የሚለው ጎልማሳ ነበር። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ሌላው ደህና ነው፤ የሞተው ዲስኩ ነው። አዲስ ቢገባለት ይነሣል።»

«የተጻፈውስ?» አለ አባቴ።

«እሱማ አብሮ ሄዷል፣ ጋሼ።»

እናቴ ከበሩ ሥር ጥጧን እየፈተለች ነበር። «ብርድ ነው የመታው» አለች። «በመስኮት ሥር ጥላችሁት፣ ጉና ሲገርፈው እያደረ። ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ አትሰሙትም?»

«ታዲያ ፌጦ ይቀባ፣ እማማ?» አለ ኢንጂነሩ እየሳቀ።

«አንተስ ምን አደረግህለት? ገና ሳትዳስሰው ሞተ አልክ።»

እኔም ስቄያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ አምኜ ሳይሆን ሌላ መላ ጠፍቶብኝ፣ እናቴ «የታመመው የቱ ነው?» ስትለኝ ዲስኩን ፈትቼ ሰጠኋት። በጋቢዋ ጠቅልላ ደጅ ፀሐይ ላይ እስከ እኩለ ቀን አሞቀችው። በኋላ እንዳነበብኩት፣ በእርጅና የደረቀ የዲስክ ቅባት በብርድ ይጨብጣል፣ ሲሞቅ አንዳንዴ ይላላል፤ ያን ቀን ግን ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ሽቦው ደርሶ እንዲሰካ ዲስኩን ከነጋቢው ጭኗ ላይ ይዛ ኮምፒዩተሩ ሥር ተቀመጠች። ከፈትኩት። ዲስኩ አንዴ ሳል አለና እንደ ንብ ቀፎ እምም ማለት ጀመረ።

ያለችን አንዲት ፍሎፒ አቧራ ጠጥታ አልገለብጥ አለች። ስለዚህ እኔ ከመስታወቱ እያነበብኩ ሙሉ በእጇ አዲስ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ አባቴ ከእብናቱ ወረቀት ያመሳክራል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያልን ወጣን። ሰባተኛው ላይ ስሞቹ ለየቅል ነበሩ።

«ስምንተኛ ላይ ነው የተገናኙት» አለ አባቴ። «የእናታችሁ ወገን እብናት የለበትም፤ ይጋባሉ።»

ሙሉ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ እስክሪብቶውን ግን አላስቀመጠችም። የአባቴ ሌሎች ወገኖች ገና ብዙ ገጽ ቀርተዋል፣ የእናቴ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

«የእማዬን ላስቀድም?» አልኩ።

«የአባትህን ጨርስ» አለችኝ ከሥር። «የኔ የት ይሄዳል?»

የአባቴን ጨረስን። ከእሷ ወገን ሦስት ስም እንዳነበብኩ ጋቢው ውስጥ ቀጭ አለ፤ ገጹ ደርቆ ቀረ። እናቴ ደግማ አሞቀችው፣ እህቴም እሑድ ማለዳ አሞቀችው። አልተነሣም። የቆጠሩት መነኩሴ ቀድመው በክረምቱ አርፈው ነበር። ሙሉ በጥር ተዳረች፤ አማትዋ ቤት ይዛ ከሄደችው ዕቃ ሁሉ አንደኛው ያ ደብተር ነው። በእሱ ላይ የአባቴ ወገን ሞልቶ ሰፍሯል፤ የእናቴ ሦስት ስም፣ ከዚያ ባዶ መስመር። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ አንዴም አልወቀሰችኝም። ስጠይቃት በጣቷ ሦስት ትቆጥርና «ከዚያ ወዲያ አጎቴ ነበር የሚያውቀው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት ሁሉ ተደምሮ አራተኛውን ስም አይነግረኝም።

የዘንድሮው ዲስኬ ይሙት፤ ያለበት ሁሉ ሦስት ቦታ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ አብዛኛውም ባይቀመጥ የሚቆጭ አይደለም። የእናቴን ጋቢ ከሳጥን ያወጣሁት ለእሱ መስሏት ነው ልጄ የሳቀችው። ከጋቢው ውስጥ አሮጌውን ዲስክ ሳወጣ ተጠግታ አየችው።

«ምን አለበት?» አለችኝ።

«ከአያትሽ ሰባት ቤት የቀሩት አራት ስሞች።»

ደጅ አውጥቼ እስከ እኩለ ቀን አሞቅሁትና ሰካሁት። ቀጭ እንኳ አላለም። መልሼ ጋቢውን ደረብኩለት፣ ለነገ።