ከአባቴ ጋር አሞርዛተር የቀየርንበት ቅዳሜ

ማኪናዋን የገዛኋት አባቴን ሳላማክር ነበር። ቀይ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ብላ መሬት ልትነካ የምትደርስ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ የስፖርት ማኪና። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሊማሊሞ ቁልቁለት የጭነት ማኪና ያመላለሱ ሰው ናቸው። ይዣት ግቢ ስገባ ከበረንዳው ሳይነሡ፣ «ይህች ለእኛ መንገድ አልተሠራችም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለአራት ወር ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ግትር ነኝ፤ ልውሰድዎት ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

በክረምቱ የፊት አሞርዛተሮቿ፣ የጎማውን ዝላይ የሚያበርዱት ዘይት የያዙ ዘንጎች፣ አለቁ። ጉድጓድ በነካሁ ቁጥር ጎማው ከሥር እንደ መዶሻ ይመታል፤ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። አንድ ቀን ከአዘዞ ስመለስ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝሁ። ማኪናዋ ወደ ግራ ተንሸራተተችና ከፊቴ ከሚመጣ ሚኒባስ ጋር ለጥቂት ተላለፍን። ቤት ስደርስ አባቴ ፊቴን አይተው ከበረንዳው ወረዱ፤ ተንበርክከው በጎማው የውስጥ በኩል እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው በዘይት ጠቁሮ ወጣ።

«ፈሷል» አሉ። «ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?»

ጣታቸውን በሣር ጠርገው ተነሡ።

እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። አዲስ ዕቃ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል የሁለት ወር ደመወዜን ይበላል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት ሄጄ፣ ከተጋጨ የቤት ማኪና የተፈታ፣ ልኩ ከእኔዋ ጋር አንድ የሆነ ጥንድ አመጣሁ። አባቴ አንዱን አቁመው ዘንጉን ወደ ታች ተጫኑት። ቀስ ብሎ ገባ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ። «ይህ ሸጋ ነው» አሉ። ሁለተኛው ግን እንደ ገባ ቀረ። «መልሽው። ሁለቱም እኩል ካልሆኑ ማኪናዋ አንድ ወገን ትጎትታለች።» ሻጩ እስኪቀይርልኝ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ማኪናዋን በክሪክ አንሥተን በግንድ ደገፍናት፤ አሮጌውን አሞርዛተር ከነሞላው አወረድነው። አስፈሪው ነገር ያ ሞላ ነው። ጠምዛዛውን ብረት ጨምቀው ካልያዙት አሞርዛተሩ አይወጣም፤ ተጨምቆ ካመለጠ ደግሞ ሰው ይገድላል። መጭመቂያውን ከሰፈራችን ጋራዥ ተውሼ ነበር፤ ጫፋቸው መንጠቆ የሆነ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው።

«አንድ ዙር ከዚህ፣ አንድ ዙር ከዚያ» አሉ አባቴ። «አትቸኩይ።»

እኔ ግን ደመናውን እያየሁ ቸኮልሁ። በአንዱ ወገን ብቻ አራት አምስት ዙር አዞርሁ። ሞላው ጎበጠ። መንጠቆው ሲንሸራተት ሲጥ የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ።

«እጅሽን!»

ጮኸው ብቻ አልቀሩም፤ በትከሻቸው ገፍትረው ጣሉኝ። ሞላው ተፈናጥሮ የቆርቆሮውን አጥር አጎድጉዶት ወደቀ። ጭቃ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁ፤ አሥሩም ጣቶቼ አሉ። የአባቴ ግራ ክንድ ግን ከክርናቸው እስከ አንጓቸው ተልጦ ይደማ ነበር።

አልተቆጡኝም። ውኃ አምጥቼ ቁስሉን አጠብሁላቸው።

«ማኪናዋን ጠልቼ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛ ነበረኝ። ሊማሊሞ ላይ፣ ከድብ ባሕር በላይ፣ ከፊቴ እየወረደ ፍሬን ከዳው። ጥሩምባ እየነፋሁ ተከተልሁት፤ ምን ላደርግለት? ገደል ሲገባ አየሁት። አንቺ ከበር በወጣሽ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ።»

ይህን ለእናቴም ነግረዋት አያውቁም ነበር። ክንዳቸውን በጨርቅ አሰርሁላቸው።

«ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ሥራውን እንተወው» አልኋቸው።

«ጎማዋን አውልቀን? ሞላውን አምጪው።»

ስንጥቅ እንዳለው ዙሪያውን መረመሩትና እንደገና ጀመርን። አሁን እሳቸው በአንድ እጃቸው ብረቱን ደግፈው ይቆጥራሉ፤ እኔ አዞራለሁ። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ዝናቡ መጣ፣ አባራ፤ ማናችንም ቀና አላልንም። ሁለቱንም ወገን ገጥመን የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ልንሞክራት ወደ ኮሶዬ አቀበት ወጣን። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ሊደርስ ነው። ራዲዮ አልከፈትንም፤ ሁለታችንም የጎማውን ድምፅ እናዳምጣለን። አንድ ኩርባ ስንዞር እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ብቅ አሉ።

«ያዢ!»

ያዝሁ። ማኪናዋ ወዲህም ወዲያም ሳትል፣ አፍንጫዋንም ሳትደፋ፣ ከመጀመሪያዋ አህያ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመች። አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አሁን ወደ ሐኪም ቤት መልሺኝ፤ ክንዴ እየጠዘጠዘኝ ነው» አሉ።

ሰባት ቦታ ሰፏቸው። ሰኞ ዕለት የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከልሁ። የኋላ አሞርዛተሮች ገና ናቸው፤ የሚሆን ጥንድ እስካገኝ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። አባቴም ከጎኔ ተቀምጠው፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር በእሳቸው በኩል የሌለውን ፍሬን በእግራቸው ይረግጣሉ።