ሹራቡ የተጠገነው ልጅ

አባዬ ፎቶ አንሺ ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሻጮቹ መደዳ ጠባብ ስቱዲዮ አለችን። የሚመጣው ሰው ሁሉ ለመታወቂያ ነው፤ ጆሮ እንዲታይ፣ ጥርስ እንዳይታይ፣ ቀጥ ብሎ። የአባዬ ልብ ግን ውጭ ነው። በገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቡና ከተሞቹ ይሄዳል፤ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ ያነሳል፣ ፈረሰኛ ያነሳል፣ ሰርግ ያነሳል። አንድ ጊዜ ጊቤ ወንዝ ላይ ጉማሬ ሲያነሳ የድልድዩ ጠባቂ ያዘው።

«ድልድይ ማንሳት ክልክል ነው!»

«ጉማሬውን ነው ያነሳሁት፣ ጓድ።»

«ጉማሬውስ የት ነው የቆመው? ድልድዩ ሥር አይደል?»

ጠባቂው ፊልሙን ከካሜራው መዝዞ ፀሐይ አሳየው፤ ተቃጠለ። ይህን ሲያወራ የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ አባዬ ብቻ አይስቅም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው እሠራለሁ። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነጋቲቭ ማንበብ ነው። ነጋቲቭ ላይ ፊት ይጠቁራል፣ ጥቁር ፀጉር ይነጣል። ሌላው ሰው ግራ ሲገባው እኔ መስኮቱ ላይ አስጠግቼ «ይሄማ እንትና ነው» እላለሁ። አባዬ «ዓይን አለሽ» ሲለኝ መሬት አትበቃኝም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከአሰንዳቦ መጡ። ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደዋል። ጭቃ የነካውን ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። «ኧረ ያድርጉት እማማ» ብላቸው እምቢ አሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጄን ፈልጊልኝ» አሉኝ።

ልጃቸው ከገበያ ታፍሶ ለውትድርና ተወስዷል። ማሰልጠኛ ነው ሲባል ቆየ፣ ኋላ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለም። ቤታቸው ውስጥ አንድም ፎቶው የለም። ሐራም ነው ብለው እሳቸው ራሳቸው ከልክለውት ነበር። አሁን ግን አባዬ የጎረቤታቸውን ሰርግ ማንሳቱ ትዝ አላቸው። ልጃቸው እዚያ ሰርግ ላይ የሙሽራውን ፈረስ ይዞ ነበር።

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «ዓይኔን ስጨፍን የሕፃንነቱ ይመጣል፣ የአሁኑ አይመጣም። ወላሂ አይመጣም።»

«ምን ለብሶ ነበር?» አልኳቸው።

«አረንጓዴ ሹራብ።»

በእኛ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር እንደሌለ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። «ክርኑ ላይ በሌላ ጨርቅ ጠግኜዋለሁ» ሲሉ ግን ዘልዬ ተነሳሁ። በቃ፣ በዚህ አገኘዋለሁ!

አባዬ የሰርጉን ፊልም አወጣልኝ። ሙሽራው፣ ፈረሰኞቹ፣ የሚያጨበጭቡ ልጃገረዶች፣ ከዚያ አገኘሁት። ክርኑ ላይ ያለው ጥገና ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን የሚታየው ጀርባው ነው። የሚቀጥለውም ላይ ጀርባው። ሌላው ላይ ከፈረሱ አንገት ሥር ተሸጉጧል። ሰው ሁሉ ወደ ካሜራው ሲያይ እሱ ብቻ ወደ ጫካው ያያል።

አባዬ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየና ሳቀ። «እንዴ፣ ይሄማ ትዝ ይለኛል! ‹አንተ፣ ዙር እንጂ!› ስለው ‹እናቴ አትወድም› እያለ ይስቅብኛል። ቀኑን ሙሉ ስንታገል...»

ለማን እየነገረ እንደሆነ የገባው ያኔ ነው።

እናትየው ወለሉን አዩ። «ልጄ ታዛዥ ነው» አሉ።

«እርስዎን ይመስላል?» አልኩ።

«ቁርጥ አንቺን ነው ይሉኛል፣ አገሩ ሁሉ።»

«እንግዲያው እርስዎን እናንሳ! ፊቱን ከእርስዎ ፊት ላይ ያገኙታል።»

አባዬ በዓይኑ ቆነጠጠኝ። እሳቸው ግን «አስተግፊሩላህ፣ ጌታዬ ይቅር በለኝ» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። አባዬ «ቀና ይበሉ እናቴ» ሲላቸው ቀና አሉ። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊታቸው ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ ሲል፣ ልጁን ከሰሜን ያመጣሁት መሰለኝ። ከሰርጉ ፊልም ላይም ጀርባውን አሳድገን አጠብን።

በገበያ ቀን ሁለቱንም ይዘን አሰንዳቦ ሄድን። በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። የራሳቸውን ፎቶ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ አዩት። ፀጉሩን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ከዚያ አፉን ሸፈኑ፣ ከዚያ ገለጡት። እኔ «እ? መጣልዎት?» አልኩ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ» አሉ፣ «ይቺ እኔ ነኝ።»

መልሰው ሰጡኝ። ሌላ ነጋቲቭ የለም፣ ሌላ መላም የለም።

የጀርባውን ግን አልመለሱም። ጠጋ አድርገው ሲያዩት ቆዩና ወደ አባዬ ዞሩ።

«ልጄ ምን እያየ ነበር?»

አባዬ አላወቀም። እሱ ያኔ ሙሽራውን ነበር የሚያየው።