የጠፋው የጭራ ድምፅ

ፕሪአምፕሊፋየሩን የገዛሁት ለወፍጮዬ ቀበቶ ፍለጋ ኮምቦልቻ በወረድኩበት ቀን ነው። ቀበቶ የሚሸጥልኝ ነጋዴ፣ «በባቡር ሐዲዱ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። የቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው፤ ደህና ፍሪጅ አለው፣ ሂድና እየው» አለኝ። ለባለቤቴ ደውዬ፣ ፍሪጅ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳትና ሄድኩ።

ፍሪጁ ተሽጧል። ሳሎኑ ውስጥ የቀረው የሙዚቃ ዕቃ ብቻ ነበር፤ የሰው ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች፣ አንድ ማጉያ፣ ከማጉያው አጠገብ ደግሞ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን። በሣጥኑ ላይ ጣት የሚያካክሉ የመስታወት አምፖሎች ተሰክተዋል። ፕሪአምፕሊፋየር የሚሉት ይህ ሣጥን ነው፤ ድምፁን ከስልክ ወይም ከሸክላ ማጫወቻ ተቀብሎ፣ አጥርቶ ለማጉያው ያቀብላል። ያኔ ይህን አላውቅም። አምፖሎቹን ሳይ የአባቴ የድሮ ራዲዮ ትዝ አለኝና፣ «እንዲህ ያለ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ?» ብዬ አጠገቡ በቆመ አስተርጓሚ በኩል ጠየቅሁ።

መሐንዲሱ ሳቀና ስልኬን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ስልኬ ውስጥ አንድ አዝማሪ በአምባሰል ቅኝት የሚጫወተው ዘፈን ነበር፤ ገመድ ሰክቶ እሱኑ ከፈተው። ውጫሌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያንን ቅኝት በሠርግ ቤት፣ በገበያ፣ በመኪና ውስጥ ስሰማው ኖሬአለሁ። እንዲህ ግን ሰምቼው አላውቅም። ዜማው ከመውጣቱ በፊት፣ የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ሲነካው፣ ደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ ነገር ሽር የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። እሷን ስሰማ ሰውዬው ከነመሰንቆው ፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ። ዕቃውን ሁሉ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ሐይቅ ከተማ፣ ቤቴ ስደርስ ነው ቀበቶውን እንደረሳሁት ያወቅሁት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሣጥኑን አየችው።

«ፍሪጁ ይሄ ነው?»

«ፍሪጁ ተሽጦ ነው የደረስኩት።»

«እና ይሄስ ምን ያቀዘቅዛል?»

«ይሄማ ይሞቃል» አልኳት። ውሸቴን አይደለም። ለመስማት ቀድሞ መሞቅ አለበት። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ወደ መስጊድ ስወጣ አበራዋለሁ፤ ስመለስ አምፖሎቹ የፍም መልክ ይዘው ይጠብቁኛል። ከዚያ ከወፍጮው ዱቄት ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ እቀመጣለሁ። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ባለቤቴ ራሷ በፎጣ ጠቅልላ የፉርሽካ ከረጢት ውስጥ ቀበረችልኝ። እኛ ሸሽተን ስንመለስ ከቤቱ ብዙ ነገር ጠፍቶ እሱ ተገኘ። ስሰካው ያቺ የጭራ ድምፅ እንደነበረች አለች። አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ።

መቼ እንደጠፋች ግን አላውቅም። አንድ ቀን መሰንቆውን ስሰማ፣ ዜማው አለ፣ የአዝማሪው ቃል አለ፤ ያቺ ሽር የምትለዋ ግን የለችም። ሌላ ዘፈን ሞከርኩ። ሁሉም በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። አምፖል እየተሠራበት ሲሄድ እንደሚደክም ሰምቼ ነበርና፣ አምፖሎቹ አርጅተዋል አልኩ። ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ አዲሶቹን በልብስ ጠቅልላ ላከችልኝ። ቀየርኳቸው፤ ድምፁ የተመለሰ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያላደረግሁት የለም። የአምፖሎቹን እግሮች በአልኮል ጠረግሁ። አንዱን በሌላው ቦታ አስገባሁ። የሐይቅ መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ይሆናል ብዬ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅሁ፣ መልሼ አስጠጋሁ። ምንጣፉን አነሣሁ። በመጨረሻ የቀጭኑን ድምፅ መዘወሪያ ሳምንት በሳምንት ወደ ቀኝ እየገፋሁ መሄድ ያዝኩ። ሥራ አልሰጥ ያለኝን አምፖል እያወጣሁ፣ «ሞቷል» እያልኩ መሳቢያ ውስጥ እጥላለሁ፤ ሌላ እንዲላክልኝ እደውላለሁ።

ባለቤቴ ሙዚቃውን ስከፍት ጓሮ መውጣት ጀመረች።

«ምነው?» አልኳት።

«ጆሮዬን ይወጋኛል።»

«የቱ?»

«ይሄ የሚያፏጨው። ቢላ ሲሳል ነው እኮ የሚመስለው፣ ወላሂ!»

እኔ የምሰማው ብርድ ልብስ ነው፤ እሷ የምትሰማው ቢላ። ምናልባት ሙዚቃው ሰልችቷት፣ ፍሪጁም አልረሳ ብሏት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ከሐይቁ ገዳም መሪጌታ ነው፣ ዜማ ያስተምራል። ለገዳሙ እህል ሊያስፈጭ ሲመጣ፣ ዱቄቱ እስኪደርስ ቤት እየገባ አብሮኝ ይሰማል። ስለ ድምፅ ከሱ የተሻለ ዳኛ የት አገኛለሁ? አስቀመጥኩትና ከፈትኩለት። ትንሽ ሰማና ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳብ አደረገው።

«የኔታ፣ በርዶዎታል?»

«አልበረደኝም፤ ይጮኻል።»

«ድምፁን ልቀንሰው?»

«መጠኑ አይደለም። መሰንቆው ነው የተጣመመው። ሰውዬው በምስማር የሚመታው ይመስላል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም እኮ፣ ወንድሜ፤ ምን አደረግኸው?»

ምን እንዳደረግሁት እኔም አላውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ መዘወሪያውን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ጨርሶ የታፈነ ሆነብኝ። ወደ ቀኝ ገፋሁት። ሁለት የማምናቸው ሰዎች አንድ ነገር ይላሉ፤ የራሴ ጆሮ ሌላ ይላል። አንዳንዴ ሣጥኑ ሲያዩት አንድ፣ ሲዞሩ ሌላ የሚሆን እየመሰለኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ ነበር የማበራው።

ነገሩ የታወቀው ከሙዚቃ ጋር በማይገናኝ ቦታ ነው። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ለቅሶ ደርሰን ከባለቤቴ ጋር በእግር ወደ መኪናው መንገድ ስንመለስ ቀትር ሆኗል። ሣሩ ከጉልበት በላይ ነው። እሷ ድንገት ሁለት ጆሮዋን ያዘች።

«ኧረ ይሄ ፌንጣ! ሊያደነቁረን ነው እንዴ ዛሬ?»

«የቱ ፌንጣ?»

ዞር ብላ አየችኝ። የቀለድኩ መስሏታል።

«ይሄ ሁሉ የሚንጫረረው።»

ቆምኩ። የነፋሱን ድምፅ እሰማለሁ። ራቅ ብሎ በበሬ የሚያርስ ሰው ይጣራል፤ እሱንም እሰማለሁ። ፌንጣ ግን የለም። እሷ ጎንበስ ብላ ከሣሩ አንዱን በእፍኟ ያዘችና ወደ ጆሮዬ አቀረበችው።

«አሁንስ?»

በጣቶቿ መሃል ክንፉ ሲርገበገብ ይታየኛል። ድምፅ ግን አልነበረም።

«አሁንም የለም» አልኳት።

ፌንጣውን ለቀቀችው። ክንዴን ያዘችና እንደ ዓይነ ስውር ትመራኝ ጀመር። «የምሄድበትንማ አያለሁ» አልኳት፤ እሷ ግን አለቀቀችኝም።

ደሴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ በእጄ የሚጫን ነገር ሰጠችኝና፣ «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ፣ አባቴ» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም ሆነ። የምትቀጥለውን ጠብቄ ጠብቄ ሲሰለቸኝ፣ «ቀሪውን መቼ ትጀምሪያለሽ?» አልኳት።

«ጨርሻለሁ እኮ» አለች።

ከፍ ያሉት፣ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው የሄዱት። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ወፍጮ ቤት አልኳት። ጆሮዬን የምሸፍንበት ነገር ኖሮኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከአባቴ ጀምሮ እንዲያ ያለ ነገር ያደረገ ሰው በወፍጯችን ውስጥ አይቼ አላውቅም። ወፍጮው ሲጮህ እኛም ጮኸን እናወራለን፤ አለቀ።

ባለቤቴ በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ «አብሽር» አለችኝ። ጆሮዬ አጠገብ ጮኻ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

ድምፅ የሚያጎላ የጆሮ መሣሪያ ተሰጠኝ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሣጥኑን ማብራት ነበር። መዘወሪያው እስከ ቀኝ እንደተገፋ ነው፤ መሰንቆው ሲጀምር ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ቢላ ያለችው እውነቷን ነው። እነሱ ያንን ሁሉ ጊዜ ይህንን ሲሰሙ ኖረዋል! መዘወሪያውን መሃል ላይ መለስኩትና ደግሜ ሰማሁ። የጭራዋ ድምፅ አለች። ግን ደረቅ ሣር አትመስልም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚንኮሻኮሽ ነገር ነች። ሳህን ሲቀመጥ፣ ከረጢት ሲታጠፍም እንደዚያው ነው የምሰማው። መሣሪያውን አወጣሁት፤ ብርድ ልብሱ መጣ። መልሼ ከተትኩት፤ ቆርቆሮው መጣ። ከሁለቱ የሣጥኑ እውነተኛ ድምፅ የትኛው ነው? ወይስ ሦስተኛ አለ፤ ባለቤቴ የምትሰማው፣ እኔ ከእንግዲህ የማልደርስበት?

መሳቢያውን ከፍቼ የፈረድኩባቸውን አምፖሎች ደረደርኳቸው። የትኞቹ በእውነት ደክመው እንደነበር፣ የትኞቹ በኔ ጆሮ ምክንያት እንደተጣሉ መለየት አልቻልኩም። ልቤን ይበልጥ ያወዛገበው ደግሞ ሌላ ነው፤ አዲሶቹን በቀየርኩ ጊዜ ተመለሰች ያልኳት ድምፅ ከየት መጥታ ነበር? ሰምቻታለሁ ብዬ መማል እችል ነበር።

አሁን ወፍጮው ላይ ጆሮዬን ሸፍኜ ነው የምሠራው፤ እህል የምታስፈጭ ሴት ሁሉ ስታየኝ ትስቃለች። ቤት ውስጥ ደግሞ መዘወሪያውን የምታስተካክለው ባለቤቴ ናት። በቅርቡ አንዱ አምፖል በእርግጥ ተቃጠለ፤ ጭል ብሎ ሲጠፋ በዓይኔ አየሁት። ከመሳቢያው ሁለት አወጣሁና፣ እሷ የምትወደውን መንዙማ ከፍቼ፣ ሣጥኑን እያጠፋሁ፣ እስኪሞቅ እየጠበቅሁ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን አስገባሁ። እኔ ልዩነት አላገኘሁባቸውም። እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ይሄኛው» አለች።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄኛው ሰው ይመስላል።»

ሌላውን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። መንዙማው እንደቀጠለ ነው፤ እሷ በጭብጨባ እየተቀበለች ነበር፤ እኔም ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።