የካዚሚር ፍርድ

ዋንዳ አኮርዲዮን መጫወት አትችልም። የእሷ ሥራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሏ ካዚሚር ወንዙ ዳር ተጫውቶ ሲያበቃ የአኮርዲዮኑን ወናፍ መዝጋት ብቻ ነበር። የአየር ቁልፏን ስትጫናት ያለ ድምፅ ይሰበሰብላታል። ምን ዓይነት ዘመን ነበር! የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች ከነቱታቸው ይጨፍሩ ነበር።

ፋብሪካው ተዘጋ። ያቺ የፔንሲልቬንያ ትንሽ ከተማም ጨዋ ልሁን ብላ ነው መሰል ወንዝ ዳር ሙዚቃ ከለከለች። ካዚሚር ደግሞ ግትር ነው፤ ካሳ የለ ምን የለ፣ "ልጫወት" ብቻ ብሎ ከሰሳት። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፈረደለት። ዳኞቹ "ከተማዋ ነዋሪዎቿን ዝም በሉ ብላ ልታዝ አትችልም" ብለው የጻፉትን ዋንዳ ለጎረቤቱ ሁሉ አነበበች። ካዚሚር ግን ድሉን ሳያጣጥም ልቡ ቀጥ አለች።

ከተማዋ እቴ፣ ሐዘኑ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀችም። ከሳሹ ስለሞተ ክርክሩ አብቅቷል፣ ፍርዱም ይሰረዝልኝ አለች።

የካዚሚር ጠበቃ የነበረችው ማርሲ፣ ዋንዳ ያቀረበችላትን ፒሮጊ የሚባል የፖላንዶች ምግብ ሳትነካ፣ "ልማዱ እንዲህ ነው" አለች። "ከሳሹ ስለሞተ ከተማዋ ከዚህ በላይ ይግባኝ ማለት አትችልም፤ ስለዚህ ፍርዱ ዕዳ ሆኖባት እንዳይቀር ዳኞቹ ያነሱላታል።"

"ሰውዬው ሞተ እንጂ ዳኞቹ ያሰቡት አብሮት ተቀበረ እንዴ፣ ልጄ?"

"እኔም የምከራከረው ይህንኑ ነው። እርስዎ የሚጫወቱ ቢሆን ግን በእሱ ቦታ ገብተው ክርክሩን ይቀጥሉት ነበር። ይጫወታሉ?"

አንዲት "አዎ" ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ዋንዳ ጥግ የተቀመጠውን አኮርዲዮን አየችው። ፍርዱ እንዲጸናላት ከልቧ ትፈልጋለች።

"አልችልም" አለች። "ብዋሽ ካዚሚር ከመቃብሩ ሆኖ ይስቅብኛል።"

ፍርዱ ተሰረዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋንዳ አኮርዲዮኑን ታቅፋ ወንዙ ዳር ተቀመጠች። በልጅነቱ እዚያው ሲጨፍር ያደገው ፖሊሱ ቶሚ እየተሳቀቀ መጣ።

"አክስቴ ዋንዳ፣ ክልከላው ተመልሷል እኮ። በናትሽ አታስቸግሪኝ።"

"ማን ሊጫወት? አርፈህ ቁም!"

የአየር ቁልፏን ተጭና ወናፉን ከፈተች፣ ዘጋች። ሙዚቃ አልወጣም። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ካዚሚር ዘፈን ሊጀምር ሲል ሁሌ ይሰማ የነበረው ያ ትንፋሽ።

ቶሚ ኮፍያውን አወለቀ።

"እስቲ ድገሚው" አላት።